ጉድጓዱ በግንቦት፣ ችግኙ በሐምሌ፣ ጠባቂው ዓመቱን ሙሉ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ ከወሎ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይበዛሉ። የዘንድሮዎቹ በአብዛኛው በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጠኑ ናቸው፤ የተራቆተውን ተራራ መልሶ ደን ለማልበስ ፋብሪካዎችና በጎ ፈቃደኞች በምን በኩል ይግቡ? ስድስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ በአስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። 180 ሠራተኞች አሉን። አመራሩ ለዚህ ክረምት «በአንድ ቀን 10 ሺህ ችግኝ እንተክላለን» ብሎ በጀት ይዟል። አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። ግንቦት ገብቷል፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቁጥሩ ይጀምሩ። በ3 ሜትር በ3 ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 1,111 ችግኝ ይይዛል፤ 10 ሺህ ማለት 9 ሄክታር ነው። መትከል ያልለመደ ሰው፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ቢጠብቀው እንኳ፣ በግማሽ ቀን በወጉ የሚተክለው ከ20 አይበልጥም ብለው ያቅዱ። 180 ሰው በ20 ሲባዛ 3,600 ይሆናል፤ ይኸውም 3 ሄክታር ከሩብ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከተጫነ ሰው መሽቀዳደም ይጀምራል፤ በሽቅድምድም የተተከለ ችግኝ ደግሞ ወይ ከአንገቱ (ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት) በላይ ይቀበራል፣ ወይ ከነላስቲኩ ይገባል። ለአመራሩ ይህን ስሌት በወረቀት ያቅርቡላቸው። ትልቁን ቁጥር በሦስት ክረምት ማዳረስ ይቻላል።

በጀቱን በተመለከተ የእኛ ምክር ይህ ነው፤ ከ100 ብር 15ቱ ለችግኝ፣ 30ው ለጉድጓድና ለውሃ መያዣ ሥራ፣ 10ሩ ለተከላው ቀን መጓጓዣና ምግብ፣ የቀረው 45 ብር ለቀጣዮቹ 3 ዓመታት ለጠባቂ፣ ለአረምና ለምትክ ችግኝ ይቀመጥ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን ተገልብጦ ነው። ገንዘቡ በባነርና በቲሸርት ያልቅና መስከረም ላይ ለጠባቂ የሚከፈል ሳንቲም አይገኝም።

ችግኙን ለማዘዝ ዘግይታችኋል። ጽድና ወይራ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል መቆየት ይፈልጋሉ፤ ባህር ዛፍ ግን በ4 ወይም በ5 ወር ይደርሳል። በግንቦት ችግኝ ፍለጋ የወጣ ሰው ባህር ዛፍ፣ ግራቪሊያና ዲከረንስ (ቶሎ የሚደርሱ የውጭ ዛፎች) ብቻ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ዘንድሮ በእጅ የተገኘውን አገር በቀል ችግኝ ያህል ብቻ ትከሉ፤ በቀረው ገንዘብ ለመጪው ክረምት ከአሁኑ እዘዙ። ስታዝዙ ዘሩ ከየት እንደሚለቀም ጠይቁ። ለእናንተ የጎፍ ደን ቅርብ ነው፤ ጽድም ወይራም አለው። በፈቃድ የሚለቀም ዘር ቢያንስ ከ25 እናት ዛፎች፣ እርስ በርሳቸው ከ50 ሜትር በላይ ከተራራቁ ዛፎች ቢሆን ይመረጣል። ከአንድ ጥግ የተለቀመ ዘር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ማለት ነው፤ በሽታ ወይም ድርቅ ሲመጣ አብረው ይወድቃሉ።

ዘንድሮ ማድረግ የምትችሉት ትልቁ ሥራ ጉድጓዱ ነው። ዝናቡ ሳይከብድ፣ በዚሁ በግንቦት፣ የአካባቢው ገበሬዎች በክፍያ ይቆፍሩት። ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሳ.ሜ. ይሁን። በድንጋያማ ቁልቁለት አንድ ሰው በቀን 15 ገደማ ይቆፍራል ብለው ያስሉ፤ ለ3,600 ጉድጓድ 240 የሰው ቀን ይሆናል። ጥቁሩ የላይ አፈር ለብቻው ከላይ በኩል ይቀመጥ፤ ቀዩ የታች አፈር ከጉድጓዱ በታች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይደልደል፣ የሚወርደውን ውሃ ያቁራል። በተከላው ዕለት ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው ጥቁሩ ነው። ይህ ሲዛባ ችግኙ ከሸክላ አፈር ጋር ይታገላል።

የሚተከልበትን ቀን አፈሩ ይወስነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ጉድጓዱ አጠገብ ስንዝር ተኩል፣ 30 ሳ.ሜ. ያህል ቆፍሩ፤ እስከዚያ ድረስ ከራሰ ቀኑ ደርሷል። በኮምቦልቻና በቃሉ በኩል ዝናቡ ቶሎ ስለሚወጣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የተጎተተ ተከላ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። ደግሞም የቀበሌውን ሽማግሌዎች አማክሩ። ሐምሌ 12 ሚካኤል፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል፣ ሐምሌ 21 ማርያም ነው፤ ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ። ባለአገሩ መሬት በማይነካበት ቀን የፋብሪካ ሰው ዶማ ይዞ ሲወጣ ሥራው ገና ከጅምሩ የእንግዳ ሥራ ይሆናል።

በዕለቱ 10 ሰው ከአንድ ልምድ ካለው ገበሬ ጋር ይመደብ። ችግኝ ማታውን ይጠጣ፤ ሲጫንና ሲወርድ ከላስቲኩ ይያዝ እንጂ በግንዱ አይንጠልጠል። ላስቲኩ በምላጭ ከላይ ወደ ታች ይሰንጠቅ፤ ከሥሩ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆረጥ፣ የተጠመዘዘው ሥር እዚያ ነው ያለው። የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፤ አፈሩ በእግር ጠበቅ ተደርጎ ይረገጥ። አንድ ደንብ ብቻ ለሁሉም ንገሩ፦ 20 ችግኝ የወሰደ 20 ባዶ ላስቲክ ይመልስ። 17 ይዞ የመጣ ሰው ሦስቱን ከነላስቲካቸው እንደቀበራቸው ወዲያው ይታወቃል፤ ሳይመሽ ተመልሶ ማውጣት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የበጎ ፈቃድ ወጣቶች ክበብ አለን። ባለፈው ክረምት በጦሳ ተዳፋት ላይ 1,200 ችግኝ ተክለን በጥር ስንቆጥር ያገኘነው ወደ 300 ብቻ ነው። ከተማው «ፍየል በላው» ይላል። እውነት ፍየል ብቻ ነው?

መልስ፦ የሞተው ችግኝ ራሱ ይነግራችኋል። ከተለያየ ቦታ 20 የደረቁ ችግኞችን በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡና አንድ በአንድ እዩዋቸው።

ላስቲኩ አብሮ ከወጣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዋናው ሥር እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ከታጠፈ ጉድጓዱ ጥልቀት አልነበረውም፤ ወይም ችግኙ ጣቢያ ውስጥ ከመጠን በላይ ቆይቶ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠምዝዟል። ከችግኝ ጣቢያ የመጣው አፈር እንደ ጡብ ደርቆ ከዙሪያው አፈር ተለይቶ ከወጣ በደንብ ሳይረገጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ በመሐል ባዶ ቦታ ስለነበር ሥሩ አልተሻገረም። ግንዱ ከአፈር በታች ጠቁሮ ልጡ የሚላጥ ከሆነ ከአንገቱ በላይ ተቀብሮ በስብሷል። ሥሩ ተበልቶ በግንዱ ላይ ጭቃ ከተለጠፈ ምስጥ ነው፤ ይህ ከደጋው ይልቅ በቆላው ይብሳል። ጫፉ እንደተቃጠለ ቡናማ ሆኖ ታቹ አረንጓዴ ከሆነ ውርጭ ነው። እንደ ጦሳ ባለ ከፍታ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለጨቅላ ችግኝ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ፍየሉ። ፍየል ሲበላ ይነጫል፤ የተቆረጠው ጫፍ የተበጣጠሰ ይሆናል፣ ቅጠሉም ይገፈፋል። ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ በሰያፍ ለስልሶ ካያችሁት ጥንቸል ነው፤ ፍየሉን በሐሰት ከሳችሁት ማለት ነው። ለጥንቸል ችግኙን በእሾህ መክበብ በቂ ነው።

ሌላው ስህተት በዓመት አንዴ መቁጠር ነው። ሦስት ጊዜ ቁጠሩ። በመስከረም መጨረሻ የሞተው በአብዛኛው የአተካከል ጉድለት ነው፤ እስከ ጥር የሞተው የውሃ ወይም የውርጭ፤ ከጥር እስከ ግንቦት የጠፋው በአብዛኛው የከብትና የጥበቃ ጉዳይ ነው። ሁሉንም መቁጠር አይጠበቅባችሁም። በየ10ኛው ረድፍ ሙሉውን ረድፍ ቁጠሩ፤ ግን ረድፉን መርጣችሁ አይደለም፣ ደግ የበቀለውን ብቻ እንዳትቆጥሩ።

ለዚህ ክረምት ለየአባሉ 15 ጉድጓድ በስሙ ይሰጠው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በችግኙ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ይታረም፤ የፈረሰው ግማሽ ጨረቃ ይጠገን። ወደ ዳገቱ ውሃ መሸከም ስለማይዘለቅ ዝናቡ ሲወጣ በችግኙ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ክበቡ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ድንጋይ በጦሳ ሞልቷል፣ እርጥበትም ይይዛል፣ ምስጥም አይበላውም።

ጥያቄ፦ የተሁለደሬ ገበሬ ነኝ። ከመንደራችን በላይ ያለው ኮረብታ የጋራ ግጦሻችን ነው። አንድ ድርጅት «እንከልለውና ደን እናልማው» ብሎ መጥቷል። በደርግ ጊዜ አባቶቻችን በእህል ክፍያ እርከን ሠርተው ዛፍ ተክለው ነበር፤ በ83 ተቆርጦ አለቀ። አሁንስ የተለየ ምን አለ?

መልስ፦ ያነሱት በወሎ በብዙ ቦታ የሆነ ነገር ነው። ከ1966ቱ ረሃብ ወዲህ፣ በተለይም በ1977 ዙሪያ፣ በምግብ ለሥራ ብዙ ኮረብታ እርከን ተሠርቶለት ችግኝ ተተክሎበታል። ዛፉ ግን የመንግሥት ተደርጎ ይታይ ስለነበር መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ አጣ። ገበሬው ለዛፍ ክፉ ስለነበረ አይደለም፤ ባለቤትነቱ የእሱ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ «የማን ይሆናል?» ብለው መጠየቅዎ ትክክለኛ መነሻ ነው።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አራት ዓይነት የደን ባለቤትነት ያውቃል፤ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት። ከድርጅቱ ጋር ወረቀት ከመፈራረማችሁ በፊት ኮረብታው በማኅበረሰቡ ስም በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገቡን አረጋግጡ፤ ካልተመዘገበ ያ ይቅደም። ድርጅቱ አጋዥ ይሁን እንጂ ባለይዞታ አይሁን።

ስምምነቱ ውስጥ ሣሩን ማን፣ መቼ እንደሚያጭድ፤ ማር፣ ፍሬና የደረቀ እንጨት የማን እንደሆነ፤ ዛፉ ሲደርስ ከሚቆረጠው ለማኅበረሰቡ ስንት እጅ እንደሚደርስ፤ ጠባቂውን ማን እንደሚመርጥና ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ድርጅቱ ከ2 ዓመት በኋላ ቢሄድ ምን እንደሚሆን በግልጽ ይስፈር። የሦስት ዓመት የጠባቂ ደመወዝ በመጀመሪያው ዓመት በማኅበረሰቡ የባንክ ሒሳብ፣ በሦስት ፈራሚዎች ይግባ ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ አላማቸውን አሁን ማወቃችሁ ጥሩ ነው። የስምምነቱ ቅጂ በቀበሌ፣ በወረዳና በእናንተ እጅ ይኑር።

ጠባቂውን ቅሬያችሁ (እድራችሁ) ይምረጠው። በቅሬ ተመርጦ የተሾመ ሰው ጎረቤቱን «ከብትህን አውጣ» ሲል ይሰማል፤ ቀጣሪው ከሩቅ የሆነ ዘበኛ ግን ሌሊት ብቻውን ነው። ቅጣቱንም ቅሬው ይወስን። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ የሚቀመጥበት መድረክ ስለሆነ ከአንድ ወገን የመጣ ሕግ ተደርጎ አይታይም። በየመስጊዱ፣ በየደብሩና በየወልዮች መቃብር ዙሪያ የቀሩት ዛፎችም እስከ ዛሬ የቆሙት በደመወዝ ሳይሆን እንዲህ ባለ ክብር ነው።

ኮረብታውን በአንዴ አትዝጉት። ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ዘንድሮ ከላይ ያለውን፣ ቁልቁለቱ የበረታውን ክፍል ብቻ ከንክኪ ነፃ አድርጉ። ወደ ውሃ የሚወስደው የከብት መንገድ ክፍት ይቅር፤ መንገድ የተዘጋበት ከብት አጥር ይሰብራል። የተዘጋው ቦታ ሣር በጥቅምት፣ ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ፣ በማጭድ ይታጨድ። ሥሩ 10 ሳ.ሜ. ያህል ይቅርና ለየቤቱ እኩል ይከፋፈል። የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ ቤት ሲገባ ክርክሩ በግማሽ ይቀንሳል። ችግኙ ከፍየል አፍ በላይ እስኪያልፍ፣ ማለትም ሁለት ሜትር ገደማ እስኪደርስ ከብት አይግባበት፤ ለጽድ ይህ ከ5 ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ለሕዝቡ ከወዲሁ ይነገር። ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ካሉ ዘመናዊ ቀፎ የሚሰቀለው እዚያው ክልል ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው የምጽፈው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። «ደኑን ከከለላችሁ የካርቦን ገንዘብ እናመጣላችኋለን» የሚል ደላላ መጥቷል። ይህ እውነት የሆነ ነገር ነው?

መልስ፦ የካርቦን ገንዘብ ማለት ዛፉ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈል ነው፤ በኢትዮጵያም ተሠርቶበታል። በወላይታ ሁምቦ በወርልድ ቪዥን አጋዥነት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ባለቤት ሆነው፣ ፕሮጀክቱ በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቧል። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን ካርቦን ለመግዛት ተዋውሏል። ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፤ ልኬቱ፣ ምዝገባውና የውጭ መርማሪው ወጪ ከባድ ስለሆነ 30 ወይም 50 ሄክታር ያለው ቀበሌ ብቻውን አያዋጣውም፤ ብዙ ቀበሌዎች መጣመር አለባቸው። ሁለተኛው ገንዘቡ የሚመጣው ዛፉ አድጎ ከተለካ በኋላ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ዛሬ «የምዝገባ» ብሎ ከእናንተ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አይሰጠው። ገዥው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው መለኪያ እንደሚመዘገብ፣ ከሽያጩ ለእናንተ ስንት እጅ እንደሚደርስ፣ ውሉ ለስንት ዓመት እንደሚያስር በጽሑፍ ይመልስ። 20 ወይም 30 ዓመት የሚያስር ውል የልጆቻችሁ ውል ነው፤ ጉባኤ ሳይጠራ አይፈረም።

ጥያቄ፦ ድርጅታችን ለማኅበረሰቡ ባህር ዛፍ ቢተክልለት ቶሎ ገንዘብ አያገኝም?

መልስ፦ ያገኛል፤ ለማገዶና ለአጣና ይትከልለት፣ ግን ለብቻው በተለየ ቦታ፣ ከምንጭና ከእርሻ ራቅ ብሎ። ይህ የእንጨት እርሻ ነው። በሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ ስለሚሳሳ ቁልቁለት ላይ ጎርፍን እንደ ደን አይዝም። መልሶ እንዲያገግም በተከለለው ኮረብታ ላይ አይግባ፤ በሪፖርትም «ደን መልሰናል» ተብሎ አይቆጠር።

ጥያቄ፦ ከወረኢሉ። ከተዘጋ 2 ዓመት የሆነው ኮረብታ አለን። የወይራ ጉቶና ክትክታ በዝቶበታል። ሊያግዙን የመጡ በጎ ፈቃደኞች ቁጥቋጦውን መንጥረው በረድፍ ሊተክሉ ይፈልጋሉ። ይሻላል?

መልስ፦ አይመንጥሩት። እዚያ ኮረብታ ላይ ደኑ መመለስ ጀምሯል። ክትክታና ደደሆ ለወይራ ችግኝ ሞግዚት ናቸው፤ ከፀሐይና ከፍየል ይከልሉታል፤ በተራቆተ መሬት ላይ ከተተከለው ይልቅ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ያለው ወይራ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። መትከል ካስፈለገም ችግኙ ከቁጥቋጦው ከላይ በኩል፣ ጥላው በሚደርስበት ቦታ ይግባ።

ለበጎ ፈቃደኞቹ የሚሆን ሌላ ሥራ አለ። ዶማውን ትተው ስለታም መጋዝና የመግረዣ መቀስ ይያዙ። መጀመሪያ ኮረብታውን በ20 ሜትር ርቀት እየተመላለሱ ጉቶዎቹን ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱን በጨርቅ ወይም በኖራ ምልክት ያድርጉበት። በአንድ ሄክታር ወደ 300 ሕያው ጉቶና በራሱ የበቀለ ችግኝ ካለ በአብዛኛው ተከላ አያስፈልገውም፤ የጎደለው ክፍተት ብቻ ይሞላ።

ከዚያ ወደ አንድ የወይራ ጉቶ ተጠግተው ይቀመጡ። 15 ወይም 20 ቀንበጥ ከሥሩ ተሰግስጎ ታያላችሁ። ከሁሉም ቀጥ ያሉትንና ወፍራሞቹን፣ በተለይም ከጉቶው ታች፣ ወደ መሬት ቀርበው የበቀሉትን 3 ወይም 4 ምረጡ፤ ከጉቶው አናት የበቀለው ሲከብድ በነፋስ ይገነጠላል። የቀሩትን ከሥራቸው ቁረጡ። ከተመረጡት ቀንበጦች የታችኛው ሲሶ ያህል ያለውን ቅርንጫፍ ግረዙ፤ ከግማሽ በላይ ከተገረዘ ግን ቀንበጡ ይቀጥንና ይጎብጣል። መጋዙ ወደ ላይ ያጋደለ ይሁን፣ ውሃ በቁስሉ ላይ እንዳይተኛ። ሥራው የሚመቸው በበጋ ነው። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ግማሹ ለማገዶ ለቤቶቹ ይከፋፈል፤ እሾሃማው በጉቶው ዙሪያ ይነስነስ። በቀጣዩ ዓመት ከአራቱ ሁለቱ ይቀራሉ።

ብሳናም እንዲሁ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጽድ ግን አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይመለስም፤ ስለዚህ በኮረብታው ላይ አንድ የቆመ ጽድ ካገኛችሁ በዙሪያው 50 ሜትር የወደቀውን ዘርና የበቀለውን ጥቃቅን ችግኝ በትንንሽ ድንጋይ ክበቡለት፤ ሣር አጫጆችም በዚያ ክብ ውስጥ ማጭድ እንዳያስገቡ ቅሬው ይንገራቸው። ተባዕትና እንስት ጽድ የተለያዩ ዛፎች ስለሆኑ ፍሬ የሌለውን ጽድ «መካን ነው» ብላችሁ እንዳትቆርጡት፤ የሌላውን ፍሬ የሚያስረግዘው እሱ ሊሆን ይችላል።